ግራሶ ይዤ አርባ ምንጭ የሄድኩበት ሳምንት

ከመንገዱ በፊት ስለ ራሴ ልናገር፤ ማን እንደጻፈው የማይታወቅ ወሬ ክብደት የለውም። በላቸው እባላለሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ወፍጮ ያለው ሰው ሁሉ ያውቀኛል። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ስኳር ይጠቀለልበት ከነበረ ጋዜጣ ላይ ነው፤ ቁጥር የለመድኩት ደግሞ በወፍጮ ሞተር ጎን ላይ ከተለጠፈች ቆርቆሮ ነው። ዛሬ ድምፁን ብቻ ሰምቼ በሽታውን የማልነግረው ወፍጮ በከተማው የለም። ሬዲዮ እጠግናለሁ፣ የሱቅ ማስታወቂያ እጽፋለሁ፣ ክራር እሠራለሁ፣ ንብም አለኝ። ይህን ሁሉ ያስተማረኝ ሰው የለም፤ አስተማርኩት የሚል ካለ ይምጣና ፊቴ ላይ ይናገር። ጎልማሳ ሳለሁ «አንዱን ያዝ፣ ሌላውን ተው» ያላለኝ አልነበረም። አንዱንም አልተውኩም። እንዲህ ይሉኝ የነበሩት ሰዎች ሬዲዮናቸው ሲታመም በየትኛው በር እንደሚገቡ አውቃለሁ።

ይህን የምጽፈው ለእድሬ ሰዎችና ለጎረቤቶቼ ነው። አብዛኞቻችሁ ከአዲስ አበባ ወዲያ አልተሻገራችሁም፤ በዚህ ዕድሜያችሁም አትሻገሩም። እኔ በሰባ አራት ዓመቴ ተሻግሬያለሁ።

ያስነሳኝ የልጄ የብርቄ ስልክ ነው። ባሏ መምህር ወጋሶ የጋሞ ሰው ነው፤ ድሮ መምህርነት ሊማር ከተማችን መጥቶ ልጄን ይዞብኝ ሄደ። ልጃቸው ናትናኤል ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ከገበሬ ሙዝ እየሰበሰበ ወደ አዲስ አበባ ይጭናል። እዚያ ሃላኮ የሚሉትን፣ እኛ ሽፈራው የምንለውን ቅጠል አድርቆ ያስፈጭና አሽጎ ይሸጣል። በተረፈው ሰዓት ጓሮ ባቆመው የሽመና ዕቃ ላይ ተቀምጦ ከገዛ ጭንቅላቱ ያወጣውን ጥለት ይሠራል። አባቱ ንግዱን ወደደ፣ ሽመናውን ጠላ። «ወይ ዕቃው ከግቢዬ ይወጣል ወይ ልጁ» አለ።

«አባዬ፣ ወጋሶ አንተን ይሰማል፤ ናቲም ይሰማሃል» አለችኝ ብርቄ። «መጥተህ ልጁን ምከርልኝ። ሽመናውን ይተውና ቤቴ ሰላም ይሁን። ከአንድ ትሪ እየበሉ አይነጋገሩም።»

እሁድ ጠዋት ተነሳሁ። በሻንጣዬ ውስጥ ጋቢ፣ ፒንሳ፣ ካቻቪቴ፣ አንዲት ጣሳ ግራሶና የአገራችን አረቄ አንድ ጠርሙስ ነበሩ። ፒንሳና ግራሶ ሳልይዝ ከቤት የወጣሁበት ቀን የለም። የአማቼ ቤት የጴንጤ ቤት ስለሆነ አረቄ እንደማይቀመስበት አውቃለሁ፤ እኔ ግን ጴንጤ አይደለሁም። ያን ዕለት አዲስ አበባ አንድ አልጋ ቤት አደርኩ። የአልጋው ሽቦ አንድ ቦታ ተበጥሶ ኖሮ ከመተኛቴ በፊት ጠገንኩት። ጠዋት ለባለቤቲቱ ብነግራት «ማን ንካው አለዎት?» አለችኝ። ምስጋና ፈልጌ የሠራሁት ሥራ ስለሌለ ሻንጣዬን አንስቼ ወጣሁ።

ሰኞ አውቶቡሱ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተንቀሳቀሰ። ሆሳዕናን አልፈን ብዙም ሳንሄድ ሞተሩ ይተነፍስ ጀመር። ሾፌሩ መኪናውን አቁሞ ስልኩን አወጣ፣ ረዳቱ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፣ ሴቶቹ ጥላ ፈለጉ። እኔ ግን ወርጄ አየሁት፦ ውኃ የሚያመላልሰው ጎማ ተሰንጥቋል።

«አባት፣ ይህ ወፍጮ አይደለም፤ ይራቁ ያቃጥልዎታል» አለኝ ሾፌሩ።

«የወፍጮ ሰው መሆኔን ማን ነገረህ?» ብዬ ተሳፋሪውን አሳቅኩበትና በጎማ ቁራጭና በሽቦ ጠፍሬ አሰርኩት። ሶዶ ድረስ ያቺ ሽቦ አደረሰችን። ሾፌሩ ምሳዬን ከፈለ። ምሳው ጥሬ ሥጋ ነበር። ከሥጋው ጋር ዳጣ የሚሉት አረንጓዴ የተደቆሰ ቃሪያ ይመጣል። የእኛ አዋዜ ቢያቃጥልም አስጠንቅቆ ነው፤ ይህ ግን ሳያስጠነቅቅ ይገባል። ዓይኔ ፈሰሰ። ትሪውን ግን ባዶ አድርጌ ተነሳሁ።

አመሻሽ ላይ አርባ ምንጭ ገባን። ቤታቸው ሲቀላ በሚሉት በታችኛው ሰፈር ነው። ከአውቶቡሱ ስወርድ ሙቀቱ የእንጀራ ምድጃ የተከፈተብኝ ያህል መታኝ። እኛ ዘንድ በዚህ ሰዓት ሰው ጋቢ ይደርባል፤ እዚህ ግን ሽማግሌው በካናቴራ ደጁ ላይ ተቀምጧል። ብርቄ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ወጋሶ ጉልበቴን ሊስም ጎነበሰ፤ ከለከልኩት። ናትናኤል ሻንጣዬን ተሸከመና ሳቀ።

«አባባ፣ ይህ ሻንጣ ነው የብረታ ብረት ሱቅ?»

አርባ ምንጭ አርባ ምንጭ አላት ይላሉ። አልቆጠርኩም። ሌላ የምቆጥረው ነበረኝ።

ማክሰኞ ገና ሳይሞቅ ናትናኤል በሞተር ሳይክሉ ወደ ሙዝ ማሳ ወሰደኝ። እኛ ዘንድ ሙዝ የሚታየው ሱቅ ጥግ ተንጠልጥሎ ነው፤ እዚህ ጫካ ነው፣ ውስጡ ገብቶ ሰው ይጠፋል። ልጁ በየማሳው ሲቆም አየሁት። የዘለላውን ጣት ጫን ብሎ «ይህ ዓርብ ይቆረጥ፣ ይህ ሳምንት ይቆይ» ይላል። ገበሬዎቹ በጋሞኛ ይቀልዱበታል፤ አንዷ ሴትዮ ወደ እኔ ዞራ በአማርኛ ተረጎመችልኝ።

«ሚስት አግባ አልኩት። ሙዝ አለኝ፣ ዕቃ አለኝ፣ ሦስተኛ ቦታ የለኝም ይላል!»

ጥላ ስር ቆመን ኪሱ ውስጥ ካለች ደብተር ሥዕል አሳየኝ። የሙዝ ቅጠል በነፋስ ሲቀደድ ያለውን መስመር ስሎ፣ ያንን ወደ ጥለት ቀይሮታል። ቀለሙ ጋሞዎች የሚለብሱት የዱንጉዛ ልብስ ነው፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁር። ቅርጹ ግን የማንም አይደለም። እኔ የማስታወቂያ ፊደል ስጽፍ አርባ ዓመት መስመር አይቻለሁና መስመር አውቃለሁ። ያ ልጅ እጅ አለው።

ወደ አባያ ሐይቅ ዳር ወርደን አሳ ጥብስ በላን። ውኃው ቡናማ ነው፣ አዞም አለበት፤ አንዱን ከሩቅ አየሁት፣ እሱም አየኝ፣ ተለያየን። እዚያ ነው ልጁ ያፈጠጠብኝ።

«አባባ፣ እንዲያስተዉኝ ነው አይደል የመጡት?»

«ላስተውህ ነበር የመጣሁት።»

«አሁንስ?»

«ሐሳቤን መለወጥ የማልችል ግንድ ነኝ እንዴ? ብላ።»

ማታ እራት ከቀረበ በኋላ ነገሩን ራሴ አነሳሁት። ወጋሶ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው፤ ቃሉን እንደ ቾክ ሰባብሮ ያስቀምጠዋል።

«አባቴ፣ እርስዎ የሽማኔ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጠው አያውቁም። እኔን በሰባት ዓመቴ ነው አዲስ አበባ ወስደው ያስቀመጡኝ። እግሬ መርገጫው ላይ አይደርስም ነበር፤ ድንጋይ አሰሩልኝ። የሰፈሩ ልጆች በበሩ እያለፉ ይሰድቡኛል፤ ሽማኔ ማለት ስድብ ነበር። ከዚያ ጉድጓድ ስወጣ ቾክ ይዤ ነው የወጣሁት። ልጄ ተመልሶ ይግባበት ብዬ አይደለም።»

ብርቄ አንገቷን ደፋች። እኔ አልደፋሁም።

«አንተን ሰው አስገባህ። እሱ በገዛ እግሩ ገባ። ይህን ካልለየህ ክፍል ገብተህ የምታስተምረው ምንድን ነው?»

«አባዬ!» አለች ብርቄ።

«ተዪኝ። ስማ ወጋሶ፣ ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያናችሁ ወንጌላዊ ልጅ ታገባለች አይደል? ነጠላዋን የሚሠራው ናቲ ነው። ዓርብ ደግሞ የሙዝ መኪናው ይመጣል። ሙዙ ዓርብ ከተጫነ፣ ነጠላውም ቅዳሜ ጠዋት ያለ እንከን ከደረሰ፣ ዕቃው እዚህ ግቢ ይቀመጣል። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ እኔው በዚህ ፒንሳ ፈትቼ አወጣልሃለሁ።»

ወጋሶ እጁን ከትሪው አነሳ። «ቃልዎ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

ናትናኤል ከበሩ ሥር ቆሞ ይሰማ ነበር። 

ረቡዕ ለነጠላው የጎደለውን ክር ለማምጣት ወደ ዶርዜ ወጣን። መንገዱ ይጠማዘዛል፣ ሲጠማዘዝ ይቀዘቅዛል፣ ጭጋጉ መሃል ስንደርስ ጋቢዬን ደረብኩ፤ ያኔ አገሬ የገባሁ መሰለኝ። የወጋሶ ታላቅ ወንድም አቶ ጋልሶ ከቀርከሃ በተሠራ ረጅም ቤት ተቀበለን። ሚስቱ ቆጮ ከማርና ከዳጣ ጋር አቀረበች። ማሩን ቀመስኩና ዝም አልኩ፤ ባለንብ ሰው ሌላ ሰው ማር ሲያስቀምሰው ዝም ካለ ትልቅ ምስጋና ነው።

እዚያ አገር ሴቶች ይፈትላሉ፣ ወንዶች ይሸምናሉ። አቶ ጋልሶ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ እጁና እግሩ ሳይቆሙ ያወራኛል። ከላይ ክሩን የሚያነሳና የሚያወርድ የእንጨት መንኮራኩር ተሰቅሏል፤ በተረገጠ ቁጥር ጢጥ፣ ጢጥ ይላል። ጆሮዬን በላኝ። በወፍጮ ሙያ ጢጥታ ማለት በሽታ ነው፤ ዛሬ ጢጥ ያለ ነገ ይሰበራል።

«ይህ ነገር ዘይት አይፈልግም?» አልኩት።

ሳቀና ሌላ ነገር አወራኝ። «ወጋሶ ከእኛ ሁሉ ይበልጥ ነበር። አሥር ዓመት ሲሆነው እኔ ታላቁ የምሠራውን ሁለት ሠርቶ ይቀድመኛል። ተወው። እዚህ ሲመጣ እንኳን ለዕቃው ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጣል።» ስንነሳ ክሩን ጨምሮ ሰጠንና ለናትናኤል በጋሞኛ አንድ ነገር ነገረው። መንገድ ላይ ብጠይቀው፣ «ድሩን አስረዝመህ ዘርጋ፣ ለአያትህም ይትረፍ፣ አለኝ» አለ። ለካ ልጁ አስቀድሞ ድሩን አስረዝሞት ነበር፤ ከሙሽራዋ ነጠላ በኋላ በቀረው ላይ ለእኔ ጋቢ ሊሠራ።

ሐሙስ። እዚህ ላይ የምደብቀው የለኝም።

ናትናኤል ጠዋት ሃላኮ ሊያስፈጭ ወጣ። ነጠላው ሊያልቅ የቀረው የመጨረሻው ጥለት ብቻ ነበር፤ የተሠራው ጭኑ ላይ በሚያርፈው እንጨት ተጠቅልሏል። እኔ ጓሮ ብቻዬን ቀረሁ። የልጁን ዕቃ መንኮራኩር በጣቴ ባዞረው እንደ ዶርዜው ጢጥ አለኝ። ለልጁ ስጦታ ልስጠው ብዬ ጣሳዬን ከፈትኩና ግራሶ ቀባሁት። ጸጥ አለ። እንደ አዲስ ሞተር ጸጥ አለ። ኮራሁ፣ ገብቼ ጋደም አልኩ።

ደብረ ብርሃን ላይ ያ ግራሶ እንደ ቅቤ ረግቶ ዓመት ይቀመጣል። ሲቀላ ግን ፀሐይዋ ቆርቆሮው ላይ ስትወጣ ግራሶ ውኃ ይሆናል። ይህን አላሰብኩትም። ተነስቼ ስመለስ ከመንኮራኩሩ ጠብ፣ ጠብ ይላል፤ ነጩ ድር ላይ ጥቁር ጠብታ ወርዷል፣ ወደ ጥቅሉም ዘልቋል።

ሌላ ሰው ቢሆን ይጮሃል። እኔ ግን አረቄዬን አመጣሁ፤ አረቄ ከብረት ላይ ዘይት ያነሳል። ጥቅሉን ፈታሁና በጨርቅ ነክሬ አሸሁት። ዘይቱ በመጠኑ ለቀቀ። ቀዩ ቀለም ግን አብሮ ለቀቀ። የሙሽራዋ ነጠላ መሃሉ ሮዝ ሆነ።

ናትናኤል መጥቶ አየው። አልሰደበኝም፤ ቢሰድበኝ ይሻል ነበር። ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«አባባ፣ ያ ጢጥታ ነበር ቁጥሬ። መቼ ቀለም እንደምቀይር በእሱ ነው የማውቀው።»

«እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ሄጄ ለወንጌላዊው እነግረዋለሁ።»

«ነግረው ምን ይሆናል? ቅዳሜ ሠርግ ነው። ነገ ገበሬው ሁሉ ሙዙን ቆርጦ መንገድ ላይ ያስቀምጣል። እዚያ ካልተገኘሁ ይበሰብሳል። እዚያ ከተገኘሁ ይህ አያልቅም።» ወደ ኪሴ፣ ወደ ፒንሳዬ አየ። እኔም አየሁት። በሕይወቴ ያ ፒንሳ የከበደኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ያን ጊዜ በሩ ተከፈተ። ወጋሶ የጠዋት ፈረቃውን ጨርሶ መጥቶ ነበር፤ እጁ ላይ የቾክ ብናኝ አለ።

«ለምን ዝም አለ?» አለ።

ልጁ ከድንጋዩ ተነሳ።

«ዕቃው። በዚህ ሰዓት ጢጥ ይል ነበር። ለምን ዝም አለ?»

አሳየሁት። ሁሉንም በራሴ አፍ ነገርኩት፤ ግራሶውን፣ አረቄውን ጭምር። ጨርቁን በጣቱ ያዘ፣ ገለበጠ፣ አሸተተ። ዕቃውን እንድፈታ ሊነግረኝ ነው ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ምን አለ መሰላችሁ?

«ናቲ፣ ከቀይ ወደ ቢጫ ስትሻገር ትቸኩላለህ። ሁልጊዜ። ከመኝታ ቤት እሰማሃለሁ።»

ልጁ አፉን ከፈተ። ሁለት ዓመት ሙሉ ግድግዳውን ተጠግቶ ሲሰማ የኖረ አባት ነው ለካ!

«የተበላሸውን ቁረጠው» አለ ወጋሶ። «የቀረው ድር ይበቃል?»

«ለአባባ ጋቢ ያልኩት አለ... ይበቃል።»

«ጥለቱን አንተ ነህ የምታውቀው፤ ጫፍና ጫፉን አንተ ሥራ። መሃሉ ነጭ ነው፣ ለእኔ ተወው። ነገ ወደ ሙዝህ ሂድ።»

ከዚያ ኮቱን አወለቀና ለእኔ ሰጠኝ። ጫማውን ፈታ። ሱሪውን ጠቀለለ። ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ትንሽ ቆመ። ብርቄ ከማድ ቤት ወጥታ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ታየዋለች። ገባ። ቀና ብሎ መንኮራኩሩን አየና፣ «አባቴ፣ ይህን ግራሶዎን በአመድ ያጽዱልኝ፤ ድምፁን ይመልሱልኝ» አለ።

አጸዳሁ። አመድና ጨርቅ ይዤ እስኪጮህ ድረስ አጸዳሁ። ሰባ አራት ዓመት ሙሉ ጢጥታ ሳጠፋ ኖሬ አንድ ቀን ጢጥታ ለመመለስ ላቤ ፈሰሰ። ጢጥ ሲል ወጋሶ እጁን ሊያሟሽ መወርወሪያውን ለቀቀው። እጁ መጀመሪያ ተደናገረ፤ ከዚያ አልተደናገረም። እኔ ብዙ ማሽን አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ እጅ ግን አላየሁም።

ልጁ ሐሙስ ሌሊት የመጀመሪያውን ጫፍ ጥለት ሠርቶ መሃሉን ለአባቱ ተወለት። ዓርብ መኪናው ከቀትር በኋላ መጣ። እኔም ሄድኩ፤ ማን ይከለክለኛል? ሠላሳ ሰው ተሰልፎ ሙዝ ያቀብላል፣ ናትናኤል ከላይ ቆሞ ይደረድራል። አንድ ዘለላ ተሸክሜ ሳቀብል ጫኞቹ አጨበጨቡ። «ሽማግሌው ነገም ይምጣ!» አለ አንዱ። «ነገ ሠርግ አለብኝ» አልኩት። ስንመለስ ፀሐይዋ ገና አልገባችም፤ ወጋሶ መሃሉን ጨርሶ ልጁን ይጠብቃል። ቦታ ተለዋወጡ። አባት ከጎኑ ተቀምጦ፣ ልጁ ከቀይ ወደ ቢጫ ሲሻገር «ቀስ» ይላል። ልጁ «እሺ አባ» ይላል። በስንት ወሩ የተነጋገሩት ይህንኑ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ነጠላውን ወሰድንላቸው። የሙሽራዋ እናት ብርሃን ላይ ዘርግታ አየችው። «ይህ የሙዝ ቅጠል ነው!» አለችና የመሃሉን ጥብቀት በጣቷ እያሸች፣ «ይህን ደግሞ ወጣት እጅ አልሠራውም» አለች። ናትናኤል፣ «አባቴ ነው» አለ። ወጋሶ ወንበር ፍለጋ ዞረ። በሠርጉ ለስላሳ ጠጣሁ፤ የእኛን አገር ሠርግ ጠላና ጭፈራ እያሰብኩ ሦስት ጠርሙስ ጠጣሁ። መዝሙሩ ላይ ግን ማጨብጨብ ችያለሁ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ስለ ቃላችን ጠየቅኩት። «እንከን የሌለው ነጠላ ደርሷል፣ ሙዙም ሄዷል። ምን ትላለህ?»

ወጋሶ ተነሳ። የክፍል ማስመሪያውን ይዞ ጓሮ ሄደና የጉድጓዱን ጥልቀት ለካ። «ሁለት ስንዝር ይጎድለዋል» አለ፤ «እንዲህ ሆኖ ከቀጠለ ጉልበቱ ይጎዳል። ነገ እቆፍረዋለሁ።» የሚወጣ ዕቃ ጉድጓድ አይቆፈርለትም፤ ስለዚህ ሌላ ቃል አልጠየቅኩም።

ሰኞ ተሳፈርኩ፣ ማክሰኞ ቤቴ ገባሁ። ረቡዕ ብርቄ ደውላ፣ ዶማውን ሲይዝ አባትየው፣ አፈሩን ሲያወጣ ልጁ እንደነበረ ነገረችኝ። ጢጥታውን በስልክ አሰማችኝ። ብዙ ሰው ሄዶ ፎቶ ይዞ ይመለሳል። እኔ ያከናወንኩት ይህ ነው፦

የቆመ አውቶቡስ አስነስቻለሁ።

በሰባ አራት ዓመቴ የሙዝ ዘለላ ጭኛለሁ። አንድ ነው፤ ግን ጭኛለሁ።

ዳጣ ሁለት ጊዜ በልቻለሁ። አልቅሻለሁ፣ ትቼ ግን አልተነሳሁም።

ልጁን ሽመና አስተው ተብዬ ተልኬ አላስተውኩም።

ከአማቼ ጋር ቃል ተጋብቼ በገዛ እጄ ላፈርሰው ደርሼ ነበር፤ ጥፋቱንም በገዛ አፌ ተናግሬያለሁ። ይህንንም ከሠራሁት እቆጥረዋለሁ።

የአንድን መንኮራኩር ጢጥታ አጥፍቼ፣ መልሼዋለሁ።

ሰላሳ ዓመት ለዕቃ ጀርባውን የሰጠ ሰው ፊቱን ሲያዞር ኮቱን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ጋቢ ቀርቶብኛል። በምትኩ ተቆርጦ የወጣውን፣ ጥቁር ጠብታና ሮዝ መሃል ያለውን ነጠላ ለብሼ ደብረ ብርሃን ገብቻለሁ። በየመንገዱ «በላቸው፣ ነጠላህ ቆሽሿል» ይሉኛል። አላጥበውም።